አንድ እግር መሬት ላይ

አምስት ሺህ ሜትር ላይ ሦስተኛ ነበርኩኝ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ፤ ቦታዬን ለመድኩኝ።
የስታዲየሙ ጭቃ በስሜ ያውቀኛል፣
የት እንደሚያዳልጥ ቀድሞ ይነግረኛል።
ነሐስ ሜዳልያዬ ከዣንጥላው ጋር
ከበሩ ጀርባ ያድራል፣ ባንዲት ሚስማር።

አሰልጣኝ ራህመቶ አንድ ቀን ጠራኝና፣
«ሩጫ አይደለም» አለኝ፣ «ያንቺ ጎዳና፤
ዳሌሽ የተፍታታ፣ ጉልበትሽ ቀጥ ያለ፣
እርምጃ ሞክሪ።» ልቤ ዋለለ።
እርምጃ! ዳሌ እንደ ወንፊት የሚነፋበት፣
ሰው እየሮጠ «አልሮጥኩም» የሚልበት!

ጎህ ሲቀድ ጀመርኩት ወደ ጅሬን ዳገት፣
አዌቱን ተሻገርኩ፣ ደፍቼ አንገት።
ባጃጁ በሙሉ ጥሩምባውን ነፋ፣
«ሽንት ቤቱ በዚህ ነው!» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሰፋ።
የአክስቴ ልጅ ሙንተሃ መንገድ ተሻገረች፣
እንዳላየ ሆና ሱቅ ውስጥ ተሰወረች።

ሦስተኝነት ለካ ሞቃት ብርድ ልብስ ነው፤
የሚስቅበት የለም፣ የሚቀናም ሰው።

በነጋታው ወጣሁ። ዝናቡም ወጣ አብሮ።
ዳገቱን ጨርሼ፣ ትንፋሼ ተሰብሮ፣
ቁልቁል ዞር ስል
ስታዲየሙ ታየኝ፣ የሻይ ሰሃን አክሎ።
ሦስት ዓመት እዚያች ውስጥ ነው የዞርኩት?
ማንም አልመለሰልኝ። ጉም መጥቶ ከደነው።

መጋቢት ላይ ውድድር አለ፣ አሰላ። ሃያ ኪሎ ሜትር።
ስንተኛ እንደምወጣ አላውቅም፤
መጨረሻም ልሆን እችላለሁ።
ራህመቶ ሕጉን ሌት ተቀን ያስጠናኛል፦
«ጉልበት አይታጠፍም፤ አንድ እግር ሁሌም መሬት ይነካል።»
ይሁን፤ አንዷን እግሬን ጅማ ላይ ተክዬ፣
ሌላዋን ላክኋት፣ «ሂጂ፣ ቀድመሽ እዪ» ብዬ።