ቋጠሮ

በሬይኖ አጥርና በእኔ ቤት ግድግዳ
መሀል የቀረችው፣ የሁለታችን ባዳ፣
ሁለት ክንድ ከስንዝር።
ለድንች አትሆንም፣ ለጽጌረዳ አትመች፤
ለጠብ ግን ዘጠኝ ዓመት ደህና አበቀለች።

ነገሩ ተራ ነው፦ ቅዳሜ ሳውናው ሲጨስ
ጥላሸቱ መጥቶ ባጠብኩት አንሶላ ላይ ሲፈስ፣
«ሂልካ፣ ንፋሱን ክሰሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ ዝም።
እርሱም ቂም ቋጠረ። እኔም አልፈታሁም።

ማታ ማታ ግን መብራቱ ይበራል፤
መስኮቱ መስኮቴን ፊት ለፊት ያፈጣል።
መረብ ይቋጥራል፣ ጣቱን እየላሰ፣
ክሩን በእንጨት መርፌ እያመላለሰ።
ይህን እንዳላይ ነው ዛፍ የፈለግሁት።

ችግኝ ሻጯን ቱሊኪን «ዛፍ ስጪኝ» አልኳት፤
«ወርድ የሌለው ይሁን፣ ቁመት ብቻ ያለው፣
ብርድ መጣ ብሎ ቅጠል የማይጥለው፣
ሰው ከሰው የሚጋርድ።»

«አምድ ጥድ አለልሽ፣ ጦር የመሰለ ነው፤
ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ለእርሱ ጨዋታ ነው።
ብቻ ጉድጓዱን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አታድርጊ፤
የግንዱን አንገት ከአፈር በታች አትሸሽጊ።
ውርጭ ሳይቀድምሽ ውሃ አጠጪው፣ ጠግቦ ይተኛ፤
ዛፍ የሚገድለው ብርድ አይደለም፤ ጥም ነው ዋነኛ።
ደግሞም» አለች ብሬን እየቆጠረች፣ «የመጋቢት ፀሐይ እንዳታታልልሽ፤
ሥሩ በውርጭ ታስሮ ሳለ ቅጠሉን ትቀሰቅሳለች። በጆንያ ጋርጂው፣ እባክሽ።»

ተከልኩት። ከወገቤ አይበልጥም ቁመቱ።
ጆንያውን ሰፋሁ፣ ሽቦም አጠርኩለት፣ ጥንቸል ቅርፊቱን እንዳትነካ በከንቱ።
ዛፌ ቀና። ሬይኖም ቀና መሰለኝ፤
በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ።

በዓመት አንድ ስንዝር።
በአምስተኛው ዓመት ጫፉ መስኮቴን ነካ፤
ግን አቤት ቅጥነቱ! የሬይኖን መብራት
ለሁለት ሰነጠቀው እንጂ አልጋረደም ለካ።
በአንድ ወገን ትከሻ፣ በሌላው እጅና መርፌ፤
መጋረጃ ሳልስብ፣ ያን ማታ፣ አየሁት አርፌ።

በታኅሣሥ ከደጃፌ ደረጃ ወደቅሁ። ዳሌዬ።
ሦስት ሳምንት ካያኒ ሆስፒታል፣ ነጭ ጣሪያ ላይ ዓይኔ።
ያን ሰሞን ጣለ እርጥብ በረዶ፣ እንደ ሊጥ የከበደ፤
ሬዲዮው ሲያወራ ዋለ፦ መንገድ ተዘጋ፣ ዛፍ ተገነደሰ፣ ሽቦ ተጎመደ።
እኔም በሐሳቤ አየሁት፤ እንደ ተሰበረ ጃንጥላ
ጎንና ጎኑ ተዘርግቶ፣ ወገቡ ሲላላ።

የእህቴ ልጅ ኦስሞ ደግፎ አወረደኝ ከመኪና።
ዛፉ ቆሟል፤ እንደ ተከልኩት፣ ቀና።
ከሥር እስከ ጫፉ በክር ተጠምጥሟል፤
የተጫነው በረዶ ተራግፏል፣ ዙሪያው ተጠርጓል።
አረንጓዴ የመረብ ክር። ቀረብ ብዬ ዳሰስኩት፤
ስንት ሌሊት በመስኮት ያየሁትን ቋጠሮ በጣቴ አወቅሁት።
ውሉ በእኔ በኩል ነው፣ ስስበው እንዲፈታ።
ሬይኖን አላየሁም። መብራቱ ብቻ በራ፣ ማታ።

«አመሰግናለሁ» ልል አፌን ስንቴ ከፈትኩ፤
ብርድ ገባበት፣ ዘጋሁት።
በሚያዝያ ፈትቼ ክሩን ጠቀለልኩ፣
በአጥሩ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ።
ሚስማሩ የእርሱ ይሁን የእኔ፣ ወሰኑን ማን ያውቃል?
በጋውን ሙሉ ክሩ እዚያው ተንጠልጥሏል።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናው ይጨሳል።
አንሶላዬን አሁን ዓርብ ዓርብ አጥባለሁ።

ጥቅምት ላይ ዛፉን በባልዲ ሳጠጣ
ከአጥሩ ማዶ ሌላ ባልዲ ሲንቋቋ ሰማሁ፤
ማንም ግን አልመጣ።

ዛሬ ጠዋት ነጭ ነው። የዓመቱ መጀመሪያ በረዶ፣ ስስ።
የጫማዬን ክር ሳላስር ወጣሁ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ቀስ።
ሚስማሩ ባዶ ነው።
ቀና አልኩ።