የሠላሳ ግራም ደንበኛ

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ኦስትራቫ፣ ባቡር ጣቢያ፣
ከሰል ስመዝን ኖርኩ፣ በፉርጎ መለኪያ።
ሃምሳ ቶን ሲጫነው መድረኩ ሲያቃስት፣
ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ሳላጋንን፣ ሳልስት።

አሁን ጡረታ ነኝ። የወጥ ቤት ሚዛኔ
ሠላሳ አንድ አለኝ፤ ደግሜ አየሁ በዓይኔ፤
ሠላሳ አንድ ግራም፣ ከነጅራት፣ ከነጥፍር፣
ነፍሱም ተጨምሮበት ከደብዳቤ የማይከብድ ፍጡር።

ስሙ ክኔድሊክ ነው። የልጅ ልጄ አወጣች፤
«እንደ ተቀቀለ ሊጥ ድቡልቡል!» ብላ ሳቀች።
ጌኮ ስቡን ሁሉ ጅራቱ ላይ ያኖራል፤
ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያ እየቀነሰ ያድራል።
ያኔ ሙሉ ነበር፣ አውራ ጣት ያክላል፤
ዛሬ ግን እርሳስ ነው፤ አጥንቱ ይቆጠራል።

ራድሚላ ወደ ብርኖ ለትምህርት ስትሄድ፣
ሳጥኑን አስረከበችኝ፣ ከነመብራት፣ ከነገመድ።
«ቀላል ነው አያቴ» ብላ ወረቀት ለጠፈች፤
ባቡሩ ሲነሳ በመስኮት እጇን አወዛወዘች።

ቀላል!
የዱቄት ትል ሰጠሁ፤ ጀርባውን አዞረ።
ፌንጣ ለቀቅሁለት፤ ፌንጣው ራሱ ላይ ወጥቶ ዘመረ።
በረሮ ገዛሁለት፤ ያውም በደረሰኝ፤
ዕድሜዋን በረሮ ስታሳድድ የኖረች ሚስቴ ምን ትበለኝ!

ቲቦር፣ የሱቁ ልጅ፣ ባለ ጆሮ ቀለበት፣
የድሮ ደረሰኝ ፈትሾ ምስጢሩን አገኘበት፦
ራድሚላ በሳምንት ሁለት ጣሳ ስትገዛ የሰም ትል፣
ነጭ፣ ለስላሳ፣ ስብ ብቻ፣ ከረሜላ የሚመስል።
«አሞላቃዋለች» አለ፤ «ጣፋጭ የለመደ
ዳቦ አይቀምስም» አለኝ። ጆሮዬ ነደደ፤
ይህን ጥፋት አውቀዋለሁ። እሷንም እኔው ነኝ
በኪሴ ከረሜላ ይዤ ያሳደግሁ፤ ማን ይፍረደኝ።

«በል ስማኝ» አለ ቲቦር፤ «ድንጋዩን አሙቅለት፤
ሆዱ ከቀዘቀዘ የዋጠው አይፈጭለት።
የሰሙን ትል ጨምቀህ ፌንጣው ላይ ቀባ፤
ሽታው ያታልለዋል፤ አንዴ አፉ ከገባ።
በሳምንት አንዴ መዝነው፤ ቁጥር ሆድ አይሞላም።»
ይህን ለመዛኝ ማለት! ግን እውነት ነው፤ ቁጥር አይበላም።

ሠላሳ አንድ። ሠላሳ። እጄ ተንቀጠቀጠ።
አሁንም ሠላሳ። ውጭ በረዶው የመስኮቱን ጠርዝ ዋጠ።

አንድ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁ፣ መብራቱንም፤
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አልሳልኩም፣ አልተነቃነቅሁም።
ፌንጣውን በመቆንጠጫ ይዤ፣ እንደ ድሮው መጠበቅ ያዝኩት፤
ፉርጎው እስኪረጋ ነው፤ ቸኩሎ ያነበበ መዛኝ ነው የሚሳሳት።

ከድንጋዩ ሥር አንድ ዓይን ወጣ። ከዚያ ሌላው።
የጅራቱ ጫፍ ተወዛወዘ፤ ድመት ነው የሚመስለው።
አሸተተ።
አሰበ።
ትንፋሼን ዋጥኩ።
ቀጭ! የፌንጣው እግር ብቻ ቀረ፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ፣
ልክ እንደ ሲጋራ። ዋጠው። «ሌላ የለህም ወይ?»
የሚል ይመስል አየኝ።

ትናንት ሠላሳ ሦስት አለ ሚዛኑ። ጠበቅሁ፤ ረጋ።
የድሮ መዝገቤን አወጣሁ፣ ባዶ መስመር ፍለጋ፤
ከመጨረሻው ፉርጎ ሥር፣ «አርባ ስምንት ቶን» ከሚለው፣
«ሠላሳ ሦስት ግራም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊርማዬም ይኸው።

ራድሚላ ደወለች። «ስንት ጨመረ?» አለችኝ።
«ከመጀመሪያው ሁለት ግራም።» «ሁለት ብቻ?» ሳቀችብኝ።
ትሳቅ። ለገና ስትመጣ መጀመሪያ ሾርባ ነው፤
ከረሜላ የለም ብያለሁ፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።
አሻፈረኝ ካለች ግን፣ ዳቦዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ማር
ብቀባላት፣
ምን ይለኛል ቲቦር?