በሩ እስኪከፈት

ራውማ፣ የፊንላንድ ምዕራብ ዳር፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ፀሐይ ሦስት ሰዓት ላይ እያነከሰች ስትደርስ፣
ኢርያ መጣች፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ላፕቶፗን በፎጣ ጠቅልላ፣ አቅፋ እንደታመመ ድመት።

«ይቆጣኛል» አለች። «ማን?» ስላት፣ «ይሄው ነው፣
ጧት ጧት የሚሳደበው፣ ገና ስቀሰቅሰው።
በጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ያዘንባል፣
አንዱን ሳልጨርሰው ሌላው ይደረባል።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቁጣ በቅቶኛል፤
ሥዕል አድርግልኝ፤ ሥዕል ያግባባኛል።»

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አምና፣ በመጋቢት፣
ዊንዶውስ ከብዶት የወደቀውን ሊኑክስ ጭኜ አስነሣሁት፤
ቸኩዬ ነበርና መነሻ ገጹን ራቁቱን ተውኩት።

«ምን ሥዕል ይሁን?» አልኳት፤ ባሏን ጠበቅሁ፣
ወይ የልጅ ልጅ፣ ወይ አበባ፤ ተሳሳትሁ።
ስልኳን ከፈተች፦ ሰማያዊ በር፣
ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚረግፍ፣ የአባቷ ጀልባ ቤት በር።
«ማሽኑ እስኪነሣ ስንት ሰከንድ ነው?» «አርባ።»
«አርባ ሰከንድ ደጅ መቆም ደግ ነው፤ ሰው እንዲያው ዘሎ አይገባ።»

ሥራው ቀላል ይመስላል።
ፎቶውን ቆረጥሁ፤ ስም ሰጠሁ፤ ከማኅደሩ አስቀመጥሁ፤
በአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ትእዛዙን ጻፍሁ፤
አጠፋሁ፤ አበራሁ፤
የአምራቹን ዓርማ እንደ ግትር ዘበኛ እዚያው ቆሞ አገኘሁ።
ለካ ከርነሉ ሲነቃ የሚይዛት ትንሿ ስንቅ
ዳግም ካልታሰረች አዲሱን ሥዕል አታውቅ።

አሰርኳት። በሩ መጣ፤ ግን ተለጥጦ፣ እንደ ትሪ ሰፋ፣
እጀታው ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ።
«ይህስ የላም በረት ነው» አለች፤ መነጽሯን አወለቀች፤
«አባቴ ላም አልነበረውም» ብላ ሣቀች።
ልኩን አስማማሁ። የሂደቱን ቀጭን መስመር
ከደፉ ሥር አስተኛሁት፤ ውስጥ መብራት ያለ ይመስል ነበር።

«ከበሩ ኋላስ? የመግቢያው ገጽ ምን ይልበስ?»
አልመለሰችም። ፎጣውን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች።
«ውስጡን አላውቀውም፤ ሴት ልጅ አያስገባም ነበር።
መረብ ይሸታል፣ ሬንጅ ይሸታል፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።
ሲሞት ወንድሜ ሸጠው፤ ገዢው አፈረሰው፤ አልደረስሁም።»

ስለዚህ ግራጫ አደረግነው፤ ባዶ ግራጫ፤
መሐሉ ላይ ስሟ፣ ከስሟ ሥር የይለፍ ቃሏ ሳጥን።
ዓይኗን ከስሟ ሳትነቅል ቆየች።
«እዚህስ እገባለሁ» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት ደወለች።
«ያ ቁጣው የት ሄደ?» አለች።
«የትም አልሄደም፤ ከበሩ ጀርባ ነው።
ከላይ፣ ከግራ ጥግ ያለችውን ቁልፍ ንኪና እዪው።»
ማሽኑን ስታስነሣ በስልኩ ሰማሁ፤ ትንፋሿን፣
ቀጥሎም ፊደል እንደምትቆጥር ቀስ የሚል ድምፅዋን፦

«ሰዓቱ ተስተካከለ። ደህና።
ዲስኩ ተፈተሸ። ደህና።
አታሚው ተነሣ። ደህና።
መረቡ ተዘረጋ…»

እዚህ ላይ ቆመች። «መረቡ?» አለች።
«የኢንተርኔቱ ነው» አልኳት፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም።
«ለካ አልተሳደበም» አለች። «ሲቆጥር ኖሯል፤
ጀልባ ከመውጣቱ በፊት ሰው ዕቃውን እንደሚቆጥር።
እኔ ከውጪ ሆኜ ድምፁን ብቻ ስሰማ፣ ቁጣ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ሥዕሉን ላንሣው?» አልኳት።
«አይሆንም! በሩን እንዳትነካው» አለችኝ።
«መክፈቻውን አሁን አውቄዋለሁ።»