አንድ ላይ

ከፍሪጅ ፋብሪካው ኋላ፣ ዘይት በጠገበ ጋራዥ፣ ዴይተን፣
ዘጠኝ ሆነው ጀመሩ፣ የማታው ፈረቃ ሲበተን።
የሮስኮ፣ የከበሮው ጌታ፣ ሕጉ አንዲት ናት፣ አትሻርም፦
«ሁለትን ሦስትን አራትን እንዳሻችሁ፤ አልናገርም፤
መንገድ የጠፋው ግን ይምጣ፣ አንድ ላይ እንገናኝ።»
ቤዙ ቢቅበዘበዝ፣ ትሮምቦኑ ሰማይ ቢቃኝ፣
አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ጭፈራው ያኔ ይነሣል።

አንዲት ሸክላ ናኘች፤ በዲስኮው ዘመን ቀናቸው፤
ስማቸው ባውቶቡስ ጎን፣ ብርማ ቡትስ በእግራቸው።
ውሉን ማን አነበበ? ቬርኔል ብቻ፣ እሱም ግማሹን፤
ማናጀሩ ቪላ ሠራ፣ እነሱ ከፈሉ የኮት እጥበቱን።

ከዚያ ማሽን መጣ፤ ከበሮ የሚመታ፣ የማይጠማ፣ የማይደክም፤
«ሮስኮ» አሉት ስቱዲዮው በር ላይ፣ «ዛሬስ አታስፈልግም።»

አንዱ ፓስተር ሆነ፣ አንዱ ጠፋ፣ አንዱ ከፈተ መኪና ማጠቢያ፤
ቬርኔል የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣
ጎኑ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ።

ኅዳር ላይ ሮስኮን ሊቀብሩ፣ ከዘጠኙ አራት መጡ፤
ሳይለማመዱ፣ ሳይማከሩ፣ መሣሪያ ከሣጥን አወጡ።
ቆጣሪያቸው ግን ሣጥን ውስጥ ነው።
ዝም አሉ። ጉባኤው ዝም አለ።
ቬርኔል ትንፋሽ ሳበ፤ ማንም «አንድ» አላለ።

ገቡ፤
አንድ ላይ።