ዘጠና ሁለት

አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ከዴስኬ እስከ በር፤
ሰማንያ አንድ ደግሞ፣ ከዚያ እስከ ሽንት ቤቱ፣ በበጋ ስቆጥር።
ሰኔ ላይ አልቆጥርም፤
የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ጫማ ያስቀራል፣ ሆዴ ግን አይጠብቅም።

ቁልፉ ጋሽ ድሪብሳ አንገት ላይ፣ በጫማ ክር ነው የታሰረው፤
ስሮጥ ሲያዩኝ ያወልቁታል፤ ሳልናገር ነው የገባቸው።
ውሃው በቦቴ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ፤
ሐሙስ ሐሙስ ቁርስ አልበላም፣ ይሻለኛል መራብ።

"ደግሞ?" ይላሉ መምህር ውብሸት፣ ጠመኔያቸው ሰሌዳው ላይ ቆሞ፤
ከኋላ አንዱ ይቀበላል፣ "ደግሞ! ደግሞ! ደግሞ!"
ክፍሉ ይስቃል።
እኔም ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ ስስቅ እንደሚብስ ሆዴ ያውቃል።

የሐኪሙ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፤
እማዬ ለርዕሰ መምህሩ የሰጠሁት ይመስላታል፣ ይኸው ወሩ አልፎ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ኤልዳና አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤
ሰኞ ስመጣ ግን ወደ ግድግዳው ገብታለች፣
ዳሩን ለእኔ ለቃ፤ ምክንያት አልሰጠችም።
ደርሼ ስመጣ፣ ደብተሬ ላይ ያመለጠኝ መስመር፣
በእሷ ጠማማ ፊደል።

ዛሬ ስመለስ፣
ስድሳ ምናምን ላይ ረሳሁት መቁጠር።