ሰባት ከአሥር

ርዕሱን የላኩት ከፔሽኮፒ ነበር፣
በማኅተም ታሽጎ፣ በመኪና ጽሑፍ፦
«ምናብ፣ ነፃነት እና ኅብረተሰብ» ይላል፤
ሁለት ገጽ፤ በቀለም፤ ኅዳጉ እንዳይታለፍ።

ሠላሳ አንድ ልጆች አንገታቸውን ደፉ፤
ሠላሳዎቹማ ያስጠናሁትን ጻፉ፦
ምናብ ማለት ዕቅድ፣ ነፃነትም ሥራ፣
ኅብረተሰብ ደግሞ ሰልፍ በየተራ።

ናዝሚዬ ብቻ ናት፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
የብዕሯን ጫፍ እያኘከች የዘገየችው፤
ደወሉ ተደውሎ፣ ጣቷ ቀለም ጠጥቶ፣
ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ የጣለችው።

ማታ መብራት ጠፋ። በኩራዝ አነበብኩት፦

«አባቴ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል።
የሚቆፍሩት ክሮም ነው። እዚያ ታች፣ በእረፍት ሰዓት፣
ስለ ባሕር ያወራሉ። አንዳቸውም አላዩትም።
ሐይዳር ማዕበሉን አመጣ።
ሴልማን ጨው ነሰነሰበት።
ኢሊያዝ ሆዳም ስለሆነ
ወጥ ቤት ያለው መርከብ አቆመበት።
ፈረቃው ሲያልቅ አንድ ባሕር ሆነ፤ የማንም አይደለም።
አለቃው ፋኖስ ይዞ መጥቶ ሰው ቆጠረ፤
ሃያ ገብተው ነበር፣ ሃያ ወጡ።
ባሕሩን አልቆጠረውም።
ኅብረተሰብ ለኔ ይህ ነው፤ ያላዩትን አዋጥቶ መሥራት።
ነፃነት ደግሞ፣ አለቃው ያልቆጠረው።
አባቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና
መጨረሻ ላይ ‹ማዶም አለው› አለ።»

ማዶም አለው አለ።
ኩራዙን አጠፋሁ፤
የተዘጋውን መጋረጃ መልሼ ዘጋሁ።
በዚያ ዘመን ባገራችን «ማዶ» የሚል ቃል
ስንቱን ቤት አፍርሷል፣ ስንቱን አስበልቷል።
ልጅቱ ደግሞ ስም በስም ደርድራ፣
ሐይዳርን፣ ኢሊያዝን፣ አባቷን ጨምራ።

አሥር ብሰጣት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣
ተቆጣጣሪው ፊት፣ በሰልፉ ሜዳ ላይ፤
አራት ብሰጣትም ወላጅ ይጠራና
«ምን ጽፋ ነው?» ይላል የሚያይ የማያይ።
ሰባትን ግን ማን ዞሮ ያያል?
ሰባት የጓሮ በር፣ ሰባት ግራጫ ካፖርት፣
በመንደር ቢያልፍ ውሻ የማይጮህበት።
ወርቁን በሰም መሸፈን የሚያውቅ ይሸፍን፤
እኔ የቻልኩት በሰባት ነው።
ቀዩን ብዕር አንስቼ ከግርጌው ጻፍኩ፦
«ከርዕሱ ወጥተሻል።»

ውጤቷን አይታ አንገቷን ደፋች።
ደብተሩን «ጠፋ» አልኳት፤ ከዱቄት ሣጥኑ ሥር ቀበርኩት።

ሰባት ያመጣ ልጅ ቲራና አይሄድም፤
ይህን አውቅ ነበር፤ አላውቅም አልልም።
ሐይዳር ባልጋው ሞተ፤ ሴልማን ጡረታ ወጣ፤
አባቷን አንድም ቀን ለጥያቄ የወሰደው የለም።
እንቅልፍ ሲሸሸኝ ይህን እቆጥራለሁ፤
እንደ አለቃው፣ ሃያ ገቡ፣ ሃያ ወጡ እላለሁ።

ኋላ ሐውልቱም ወደቀ። ተቆጣጣሪው ሱቅ ከፈተ።
አንድ ዝናባም እሑድ በሬ ተንኳኳ፤
ናዝሚዬ ናት፤ ክሮም ስትለቅም የኖረች፣
እጇ እስከ ጥፍሯ ሥር የጠቆረ።
«አልጠፋም አይደል?» አለች፣ ሳትቀመጥ።

ዱቄቱን አራግፋ ቆማ አነበበችው።
አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፤ ወጥ ቤቱ ጋ ይመስለኛል።
ብዕር ፈለግሁ፤ ሰባቱን ሰርዤ ላርመው ስል
እጄን ያዘችኝ።
«እሱን ይተዉት፤ እሱ ገብቶኛል።»
ጣቷን ከግርጌው፣ ከቀዩ ቀለም ላይ አኖረች፤
«ይሄኛውን ግን ይንገሩኝ፤
የቱ ጋ ነው የወጣሁት?»

መጋረጃው ክፍት ነበር። በመንገዱ ሰው አልነበረም።
ቢኖርስ ማን ምን ያደርገናል?
እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ፣
መስኮቱን አየት አድርጌ፣
በሹክሹክታ መለስኩላት።

«አልሰማሁም» አለችኝ።