ተመልከት

ደብረ ብርሃን። ኅዳር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤
ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ያልተነሣበት።
ጣቴን ከብብቴ አውጥቼ ሦስት ቃል ጻፍኩኝ፤
«መንዝ፣ ገብስ፣ ውርጭ» ብዬ የጥናት መፈለጊያውን ለመንኩኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ፣ አርባ ሁለት ሺህ ውጤት፤
የቢራ ብቅል፣ የባዕድ በረዶ፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ተከምሮበት።
ቁልቁል ወረድኩ፣ እንደ ጣርማበር መንገድ፣ ጆሮዬ እስኪደፈን፤
ከአሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ቆማ ጠበቀችኝ፣ ብቻዋን፦

«ወልደፃድቅ፣ ሸ. (፲፱፻፷፬)። ማውጌ ገብስና የሌሊት ውርጭ፣ መሐል ሜዳ።»

የሚከፈት የለም። የሚወርድ የለም።
ከጎኗ «ጥቅስ» ይላል፤ ሌላ ምንም።
ሦስት ሰዎች ጠቅሰውታል፤ ሦስቱም፣ ብጠረጥር፣
ከአንዱ አንዱ ቀድቶ እንጂ ያየው አልነበር።

ጋሽ እርገጤ ምድር ቤት ናቸው፤ ጡረታቸው ሁለት ወር ቀርቶት፣
የዚሁ ከተማ ፋብሪካ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ተጥሎበት።
ስልኬን እንደ አቤቱታ በሁለት እጄ አቀረብኩ፤
መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አነበቡ፤ መሳቃቸውን ትከሻቸው ሲነቃነቅ አወቅኩ።
«ሸዋቀና ነው እንጂ! ወልደ ጻድቅማ አባቱ ናቸው፤
እንኳን ጥናት ሊጽፉ፣ አውራ ጣት ነበር ፊርማቸው።»

መፈለጊያው የፈረንጅ ደንብ ይዞ አባትን ከፊት አስቀድሟል፤
ልጅን በአንድ ፊደልና በአንድ ነጥብ አሳጥሯል።
ሌሊት ከማሳ ማሳ የዞረው ሸዋቀና «ሸ.» ሆኖ ቀረ፤
በሬ ጠምደው ኖረው የሞቱት ሽማግሌ ስማቸው ባሕር ተሻገረ።

ተነሡ። የዕንጨቱ ሣጥን የጨረታ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ መቶ ስድስት።
ሦስተኛው መሳቢያ ክረምት ያሳበጠው ነው፤ በልመና ካልሆነ አይከፈት።
ጣታቸው በካርዶቹ ጠርዝ ሄደ፣ ዳዊት እንደሚያገላብጥ ሰው፣ ሳይቸኩል፦

«ወልደ ፃድቅ፣ በፀሐዩ ፀ፤ ተመልከት፦ ወልደ ጻድቅ፣ በጸሎቱ ጸ።»
«ወልደ ጻድቅ፣ በጸሎቱ ጸ፤ ተመልከት፦ ሸዋቀና።»
«ሸዋቀና፤ ተመልከት፦ ገብስ። ተመልከት፦ ውርጭ።
ምድር ቤት፣ ሰባተኛው መደርደሪያ፣ ከመስኮቱ በታች።»

ካርድ ለካርድ እያስረከበኝ፣ ልክ እንደ ገጠር ሰው፣
መንገድ የጠየቀውን እጁን ይዞ እስከ ጎረቤቱ አጥር እንደሚያደርሰው።

ሃያ ሦስት ገጽ። በስቴንስል የተባዛ፣ ስፒሉ ዝጎ ወረቀቱን የበላው።
ገጽ ፲፬ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ ብርድ ያንቀጠቀጠው እጅ የጻፈው፦
«ኅዳር ፲፪ ሌሊት። የላይኛው ማሳ ተረፈ።
ይህን እኔ አላገኘሁትም።
አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም።»

ዝም አልን። ከላይ፣ ከንባብ ክፍሉ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል።
«እንግዲያ» አልኩ፣ «መፈለጊያው አልተሳሳተም ይባላል?»
«ተሳስቷል» አሉ። «ስሕተቱ ግን ደጅ ስቶ
ከትክክለኛው ቤት ገባ።»

ከዚያ፣ እንደ ኑዛዜ ሳይሆን እንደ ቀልድ፣ ነገሩኝ፦
ያችን መስመር ያስገቧት እሳቸው ናቸው።
አንድ ኮምፒውተር፣ አራት ዓመት፣
መብራት በመጣ ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣
ካርዱን ሁሉ በሁለት ጣት ለቅመው፣
«ጸ»ን ከ«ፀ» ለመለየት ቁልፍ ሁለቴ መምታት ታክቷቸው።
እኔ ደመና ላይ ያለ ዕውቀት ብዬ ያሰብኩት
የእርገጤ የደነዘዘ ጣት ነበር፣ አንድ የጥር ሌሊት።

«ፎቶ አንሺው» አሉኝ። «ጠርዙን ግን እንዳትቆርጪው።»
እኔ ሳነሣ እሳቸው ባዶ ካርድ አወጡ፤
እስክሪብቶውን በትንፋሻቸው አሙቀው ጻፉ፦
«አባት (ያልጻፉ)፤ ተመልከት፦ ገጽ ፲፬፣ ጠርዝ።»
ለጨረታ በተቆጠረው ሣጥን ውስጥ፣ ከቦታው አስገቡት፤
መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት።